የጠገበው ውሃ

መርማሪዋ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ብዙ ሟች አይታለች፤ የፈተና ወረቀት ሲያርም የተገደለ ሰው ግን ገጥሟት አያውቅም። የኬሚስትሪ መምህሩ በትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከላብራቶሪው ጎን ባለችው ጠባብ የማዘጋጃ ክፍል ወለል ላይ በቀኝ ጎኑ ተዘርግቷል። ከኋላ የተመታበት የብረት መቆሚያ፣ ያ የሙከራ ዕቃ የሚታሰርበት ባለ ከባድ እግር ዘንግ፣ ከወንበሩ ሥር ወድቋል። ዘንጉ ላይ የጣት አሻራ ቀርቶ አቧራ እንኳ የለም። ጠርጎታል፣ የመታው ሰው።

"ሰዓቱን እዪው" አላት አዛዡ።

የሟቹ የእጅ ሰዓት መስታወት ተሰንጥቆ ጠቋሚዎቹ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ቆመዋል።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለም" ቀጠለ አዛዡ፣ እንደ ጨረሰ ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ። "የበሩ መዝገብ እንደሚለው በሁለት ከአርባ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሟቹ፣ ጥበቃውና የላብራቶሪ ሠራተኛዋ ብቻ ናቸው። ጥበቃው ከበሩ እንዳልተነሳ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ መስክሯል። ሠራተኛዋ በአንድ ተኩል ገባች፣ ለላብራቶሪው አልኮል ልትገዛ በሦስት ወጣች። ትናንት ደግሞ እዚሁ ኮሪደር ላይ ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ግማሽ ትምህርት ቤት ሰምቷታል። በምን እንደተጣሉ ስንጠይቃት አፏን ዘጋች። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"እኔ ሰዓት አላምንም።"

"ታዲያ ምን ታምኛለሽ?"

"ገና አላገኘሁትም።"

አዛዡ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። "ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለዓቃቤ ሕግ አስረክባታለሁ። እስከዚያ ካገኘሽው አምጪው" ብሎ ወረደ።

ሰዓት አላምንም ያለችው ለጨዋታ አልነበረም። አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበርና የሰዓት ጠቋሚ ወደ ፈለጉት ለመዞር አንድ ጣት እንደሚበቃው ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው ያወቀችው። ሰው ሲወድቅ ሰዓቱ ይሰበራል፣ እሺ። ግን ሟቹ የወደቀው በቀኝ ጎኑ ነው፤ ሰዓቱ ያለው በግራ እጁ።

ክፍሏን ዞራ አየች። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ መስኮቷ ፀሐይ አይታ አታውቅም፤ ቀትር ላይ እንኳ ካፖርት ያስናፍቃል። መደርደሪያው ላይ ያለው ጠርሙስ ሁሉ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ስሙ ተለጥፎበታል። አንዱ ብቻ የለውም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የቆመ ግማሽ ሊትር የሚይዝ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ጠርሙስ ነው። ውስጡ ነጭና ድንጋይ የመሰለ ነገር እስከ አንገቱ ሞልቶታል። ወለሉ ላይ፣ ከሟቹ ትከሻ አጠገብ፣ ያንኑ የመሰለ ነጭ ፍርፋሪ ተበትኗል።

ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ፣ ፍርፋሪው ወለል ላይ። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

*

የላብራቶሪ ሠራተኛዋ የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ ጣቶቿ በአሲድ ጠባሳ ዥጉርጉር ብለዋል። በማረፊያ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ቤት ውስጥ አልጋ የያዘች እናት አለቻት፤ ዛሬ ማታ ጎረቤት እንደምትጠብቃት ተነግሯታል። ከሰኞ በኋላስ? ያንን ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

"ትናንት በምን ተጣላችሁ?" አለቻት መርማሪዋ።

"አልናገርም።"

"ስለ ገንዘብ ነው? ስለ ፍቅር ነው?"

"እትዬ፣ ጋሼ እኮ የአባቴ እኩያ ነው" አለች ቅር ብሏት። "ቃል ስላለብኝ ነው። ሰኞ ሲደርስ እናገራለሁ።"

"ሰኞ ሲደርስ ዓቃቤ ሕግ ፊት ነው የምትቆሚው።"

"አውቃለሁ።"

መርማሪዋ ግንባሯን አሸች። ግትር ሰው ታከብራለች፤ ግትር ተጠርጣሪ ግን አይመቻትም። ነገር ለማዞር ያህል "ያ ነጩ ጠርሙስ ምንድን ነው?" አለች።

ሴትየዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። "የትኛው ነጭ?"

"ቀይ ክር የታሰረበት።"

"እሱ ነጭ አይደለም። ስወጣ ጥርት ያለ ውሃ መስሎ፣ የቢከር ብርጭቆ ተደፍቶበት ነበር። ማነው የነካው?"

"ለምን ስም አልለጠፍሽበትም?"

"አይለጠፍበትማ። ሲለጥፉበት ይንቀጠቀጣል። ቀይ ክር ካለው አጠገቡ አይተነፈስም፤ የክፍሉ መምህራን ሁሉ ያውቁታል። ሁልጊዜ ሁለት አዘጋጃለሁ፣ አንዱ ቢበላሽ ብዬ። ሁለተኛው ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ።" ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ለሰኞ ትምህርት ነበር። ጋሼ ሚዛን የሚወደው ትምህርት።"

ሟቹን ጋሼ ሚዛን ያሉት ተማሪዎቹ ናቸው። በየክፍሉ ገብቶ ሚዛን፣ ሚዛን ሲል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል።

*

ጥበቃው ስድሳውን ያለፈ፣ ካፖርቱ ከራሱ የሚበልጥ ሽማግሌ ነው። በአምስት ሰዓት ላይ የመምህሩ ስልክ ሲጠራ ሲጠራ የሚያነሳው ጠፋ፤ ልቤ ጠረጠረና ወጣሁ፣ አየሁት፣ ጮህኩ፣ ፖሊስ ጠራሁ፤ ቃሉ ይኸው ነው።

"ምንም አልነኩም?"

"ምንም! እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ነው የቆምኩት።"

መርማሪዋ የካፖርቱን እጅጌ ያዝ አድርጋ አየች። ጠርዙ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ተጣብቋል። "አባባ፣ እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው ጠርሙሱን በምን አነሱት?"

 "ከትከሻው ሥር ገብቶ ነበር፤ ልገለብጠው ስል ቆረቆረኝ። አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ፖሊስ የነካካ ሰው ወንጀለኛ ነው ይላል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ።"

"ሌላስ ምን አለ?"

"ሌላማ..." አለና ተጠራጠረ። "ብናገር ያረጀ ሰው ይቃዣል ትይኛለሽ።"

"ይቃዡልኝ።"

"ይሞቅ ነበር። ክፍሏ እንደምታውቂያት ናት፤ የሟቹ እጅ ቀዝቅዟል፤ ጠርሙሱ ግን ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ይሞቃል። እሳት የለ፣ ምድጃ የለ። እኔ ከዚያ ወዲህ እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤያለሁ።"

መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ "ይሞቅ ነበር" ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረች። ምን ማለት እንደሆነ ገና አልገባትም። በትምህርት ቤት ሳለች ኬሚስትሪ ሲነሳ ራስ ምታት የሚይዛት ልጅ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ የባከነችው በአንድ ወላጅ ነው። ልጁ ፈተና ወድቆበት መምህሩን "ታገኛታለህ" ብሎ የዛተ ነጋዴ ነበር። ስታገኘው ሁለት እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ከተኛ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ይቅርታ ጠይቃ ስትወጣ "ሲያገኙት ይንገሩኝ፤ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ልጄ ነው ሰነፍ" አላት።

*

የበሩ መዝገብ ላይ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በአራት ሰዓት ከሃያ የገባው ምክትል ርዕሰ መምህር። ቢሮው ምድር ቤት ነው። ግድግዳው ላይ በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ የኬሚስትሪ ዲግሪ አለ። ሰውየው መልከ መልካም፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ክራቫቱ ቅዳሜን የማያውቅ ነው።

"እስከ ሦስት ተኩል ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ አሥራ አራት ሰው ምስክር አለኝ። ከዚያ መጣሁ፣ እዚህ ተቀመጥኩ፣ ጩኸቱን እስክሰማ አልተነሳሁም።"

"ወደ ላይ አልወጡም?"

"ምን ልሠራ? እኔ አስተዳዳሪ ነኝ፤ ላብራቶሪ ከገባሁ ዓመታት አለፉ።" ጠርዙ በአረንጓዴ ክር የተለቀመ ነጭ መሐረብ አወጣና መነጽሩን ጠረገ። መርማሪዋ መሐረቡን ስታይ ፈገግ አለ። "የባለቤቴ እጅ ሥራ ነው። ሱቅ የገዛሁትን አታስይዘኝም።"

"ታድለዋል። እኔ ኬሚስትሪ ላይ ወድቄ ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ እርስዎ ይርዱኝ። ጠርሙስ ውስጥ ውሃ የመሰለ ነገር ድንገት እንደ ድንጋይ ቢሆን ምንድን ነው?"

"ኖራ" አለ ቆም ሳይል። "ኖራ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይደርቃል። ቀላል ነገር ነው።"

"ድንገት ሞቆ ቢገኝስ?"

"ፀሐይ አግኝቶት ይሆናላ።"

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። በሰውየው ቃል ላይ ቀዳዳ አላገኘችም፤ በሁለት ከአርባ በእርግጥ ስብሰባ ላይ ነበር። ግን ኖራው አልተዋጠላትም። ለምን እንዳልተዋጠላት የሚነግራት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ታስራለች።

*

እሑድ ጠዋት አዛዡን ለምና፣ ዋስትናውን በራሷ ፈርማ፣ የላብራቶሪ ሠራተኛዋን ወደ ማዘጋጃ ክፍሉ ይዛት ወጣች። ሴትየዋ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ወለሉን አይታ ቆመች። ከዚያ ነጭ ካፖርቷን ከሚስማሩ አውርዳ ለበሰችና ሌላ ሰው ሆነች።

"ኖራ ነው አለኝ" አለች መርማሪዋ። "ማን እንዳለኝ ግን አልነግርሽም።"

"ኖራ?" ሴትየዋ ከታሰረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። "የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንኳ እንዲህ አይልም።"

ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሁለተኛውን ጠርሙስ እንደ ተኛ ሕፃን አቅፋ አወጣችው። ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ ማንም ቢያየው ይጠጣው ይሆናል።

"የኮምጣጤ ጨው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ትንሽ ያሟሟል፣ ሙቅ ውሃ ብዙ። በሙቅ ውሃ እስኪጠግብ አሟሙተሽ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ትተዪዋለሽ። ሲቀዘቅዝ ያን ሁሉ ጨው መሸከም አይገባውም ነበር፤ የሚያስጀምረው ነገር ስለሌለ ግን ተሸክሞ ይቆያል። አንዲት ፍሬ ጨው ጣይበት።"

መርማሪዋ በወረንጦ አንዲት ፍሬ ጣለች። ፍሬዋ ከወደቀችበት ነጭ መርፌ መሰል ነገር ወደ ዙሪያው ተፈተለከ፤ እስከ አምስት ሳትቆጥር ጠርሙሱ ሙሉ ነጭ ድንጋይ ሆነ።

"አሁን ያዢው።"

ያዘችው። እጇ ላይ እየሞቀ መጣ። ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን። ጎሽ የኔ ሽማግሌ፣ አለች በልቧ፤ አልቃዡም።

"ሲረጋ የያዘውን ሙቀት ይተፋል" አለች ሴትየዋ። "መልሰሽ ስታሞቂው ደግሞ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ይሟሟል። ጋሼ 'ሚዛን' የሚለው እሱን ነው። ሙቀት ስትሰጪው ወደዚያ፣ ስትነሺው ወደዚህ። ከጠርሙሱ ሥር የተኛው ጨው የቆመ ይመስልሻል፤ አልቆመም፣ በሚሟሟው ልክ ይረጋል፣ በሚረጋው ልክ ይሟሟል።"

መርማሪዋ ስልኳ ላይ ሰዓት መቁጠር ጀመረች። ይህኛውን ሰዓት ማንም በጣቱ አያዞረውም።

መስኮቱን ዘግተው፣ ጠርሙሱን ወለሉ ላይ፣ ሽማግሌው ያገኘበት ቦታ አስቀምጠው ጠበቁ። በአርባኛው ደቂቃ ስትነካው ይሞቃል። በአንድ ሰዓት ተኩል ለብ ብሏል። ሁለት ሰዓት ከሃያ ሲሞላ ከግድግዳው ድንጋይ አይለይም።

"ከሁለት ከአርባ እስከ አምስት ሰዓት ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው" አለች መርማሪዋ፣ ለራሷ ይሁን ለሴትየዋ ሳይለይ። "ያን ጊዜ ቢረጋ ኖሮ ጥበቃው የሚያነሳው በረዶ ነበር። የረጋው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። አንቺ ያኔ ገበያ ነበርሽ፤ የአልኮል ነጋዴው ደረሰኝ ላይ ሰዓቱ አለ።"

ሴትየዋ አልተደሰተችም። ፊቷ አመድ መስሎ ወንበሩን ያዘች። "ከአራት በኋላ?" አለች። "ሰዓቱ ሁለት ከአርባ ነው ብላችሁኝ ነበር እኮ።"

"ብለናል። ተሳስተናል። ቆይ ግን፣ ጠርሙሱ ለምን ረጋ? ማን ምን ከተተበት?"

"አይታወቅም። በወጉ ካሞቅነው ግን ይተፋዋል።"

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሙቅ ውሃ በሞላ ድስት ውስጥ ዘፈዘፉት። ነጩ ድንጋይ ከጠርዙ ጀምሮ መቅለጥ ያዘ፤ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀስ በቀስ ጠራ። ከመሃሉ አንድ ነገር ተለቀቀና ወደ ላይ ተንሳፈፈ። መርማሪዋ በወረንጦ አወጣችው። የጣት ርዝመት ያለው የተቀደደ ጨርቅ ነው፤ ነጭ፣ ጠርዙ በአረንጓዴ ክር የተለቀመ።

*

ምክትሉ እሑድም ክራቫት አድርጓል። ቤቱ ሳሎን ውስጥ፣ ባለቤቱ ልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ባለችበት፣ መርማሪዋ ጨርቁን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ባለቤቱ ቀድማ አየችው። "የእኔ ስፌት ነው" አለች፣ ምን እንደተናገረች ሳታውቅ። "የት ቀደድከው?"

"በአራት ከሃያ ገቡ" አለች መርማሪዋ ረጋ ብላ። "መዝገቡ ላይ ሲፈርሙ ከስምዎ በላይ 'ሠራተኛዋ፣ ሦስት ሰዓት፣ ወጣች' የሚል አነበቡ። ወደ ላይ ወጡ። ከመቱት በኋላ ሰዓቱን እሷ ወደነበረችበት መለሱና መስታወቱን ሰበሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ከዚያ ብረቱን ሊጠርጉ መሐረብዎን አወጡ፤ ደረቁ አልጠርግ አለ፣ ደም ነው። ጠረጴዛው ላይ ውሃ አዩ፣ ቢከሩን አንስተው መሐረቡን ነከሩ። ውሃው ይዞ አልለቅ አለ። ጎተቱት፣ ተቀደደ፣ ጠርሙሱም ወደቀ።"

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ሊጠርገው ኪሱ ገብቶ እጁን ባዶ መለሰው።

"ውሃ መስሎኝ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ቢሆን አይመስለውም ነበር።"

 ምክትሉ ባለቤቱን ሳይሆን ወለሉን እያየ ተናገረ። ዲግሪው ከአንድ ማተሚያ ቤት ጓዳ የወጣ ነው። ሽማግሌው መምህር አንድ ቀን በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተራ ጥያቄ ጠየቀው፤ መልሱ አሳፋሪ ነበር፤ መምህሩ ወደተባለው ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ጻፈ። "እስከ ሰኞ ራስህ ሄደህ ተናገር፤ ራስህ ከተናገርክ እኔም አብሬህ እቆማለሁ አለኝ። ቅዳሜ ልለምነው ወጣሁ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ እያረመ፣ 'አንድ ቀን ከግማሽ አለህ' አለኝ።"

መርማሪዋ ሌላ አልጠየቀችውም። ከደጅ የቆሙትን ሁለት ፖሊሶች ጠራች።

*

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አዛዡ የመፍቻውን ወረቀት ራሱ ፈረመና "ሰዓት አላምንም ያልሽው ስንት ሰዓት ላይ ነበር?" ብሎ ቀለደባት። መርማሪዋ ወረቀቱን ይዛ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ወረደች። ደስ ብሏት ነበር፤ ሥራዋን ታውቃለች፣ ማወቋንም ታውቃለች፣ እንዲህ ባለ ጠዋት ደረጃውን የምትወርደው እንደ ልጃገረድ ነው።

በሩን ከፈተችው። ሴትየዋ አልተነሳችም።

"ነፃ ነሽ። እናትሽ ደህና ናቸው፤ ጎረቤትሽን ጠይቄያለሁ።" ሴትየዋ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። መርማሪዋ ያን ጊዜ ትንሽ ተቆጣች። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ስለ ምክትሉ የሐሰት ዲግሪ ታውቂ ነበር አይደል? ለዩኒቨርሲቲው የተላከውን ደብዳቤ የተየብሽለት አንቺ ነሽ፤ ቅጂውን አይተነዋል። ቅዳሜ አንዲት ቃል ብትናገሪ እዚህ ባላደርሽ።"

"ምን ብዬ? በሁለት ከአርባ ሞተ አላችሁኝ፤ ያኔ ምክትሉ ስብሰባ ላይ እንደነበር አውቃለሁ። ያልገደለን ሰው ስም ላጥፋ? ጋሼን ደግሞ ቃል ገብቼለት ነበር፣ እስከ ሰኞ።"

"ዓርብ የተጣላችሁት በዚህ ነው?"

"ዛሬውኑ አስታውቅበት አልኩት። እሱ ደግሞ 'ራሱ የተመለሰ ሰውና ጎትተው የመለሱት ሰው አንድ አይደለም፣ ጊዜ ስጪው' አለኝ። እኔ 'ይሄ የሚመለስ ሰው አይደለም፤ ፈራሁልህ' አልኩት። ተቆጣኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር።"

ጠባሳ የበዛባቸውን ጣቶቿን አየቻቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ያልወረደው እንባ አሁን ወረደ፤ ልትጠርገውም አልሞከረች።

"ቅዳሜ ጠዋት አንድ ተኩል ላይ ገባሁ። ደህና አደርሽ አለኝ፤ አልመለስኩለትም። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼው ስሠራ ነበር። ሁለት ተኩል ላይ ዕቃ ልቆጥር ወደ ምድር ቤት ስወርድ 'አሁንም እንዳኮረፍሽ ነው?' አለኝ። በሩን ዘግቼበት ሄድኩ፤ ሦስት ሰዓት ላይም ሳልሰናበተው ከግቢ ወጣሁ። ስመለስ እታረቀዋለሁ ብዬ ነበር እኮ።"

መርማሪዋ  የመፍቻውን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተችና አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። በሩ ክፍት ነበር፤ ሁለቱም ለመውጣት አልቸኮሉም።